የአምቡላንሷን ቤንዚን ማን ጠጣው?

አምቡላንሷ ከገረሴ ወደ አርባ ምንጭ ስትመለስ ቁልቁለቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ቀጥ አለች። ውስጧ ምጥ የያዛት ሴት ነበረች። ታንከሩ ባዶ ነው።

የአካባቢው ሰዎች እናትየዋን በቃሬዛ ተሸክመው ሌላ መኪና እስኪያገኙ ሰዓታት አለፉ። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

በማግስቱ ሹፌሩ ነህምያ ቤንዚን ሰርቆ ሕይወት አጥፍቷል ተብሎ አርባ ምንጭ ታሰረ።

ጉዳዩን የያዘው ሳጅን ክንፉ ብዙ አይናገርም። ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። ነህምያ ለደርሶ መልስ የሚበቃ ቤንዚን ጠዋት ተለክቶ እንደተቀዳለት፣ ጠብታ እንዳልነካ፣ መኪናዋ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች ቤንዚን ቤንዚን እንደምትሸት፣ ይህንንም አምቡላንሷን ለሚያሠራው ድርጅት መካኒክ ለአስናቀ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ እንዳመለከተ ነገረው።

«ጋሼ፣ ያቺ ሴት ስትጮህ የሰማኋት እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ለአንድ ጀሪካን ብዬ ነው ይህን የማደርገው?»

ቤቱ ሲፈተሽ በእርግጥም ጀሪካን ተገኘ። ፖሊሶቹ ተራ በተራ አሸተቱት። አክስቱ የጠመቀችው ቦርዴ ነበር።

አስናቀ በበኩሉ አፉን ሞልቶ ተናገረ። መኪናዋን በኮምፒውተር መርምሮ የኦክስጅን ሴንሰሯ መሞቱን ደርሶበታል። ጭሱን እየለካ ሞተሩ ቤንዚን እንዳያበዛ የሚጠቁመው ዕቃ ማለት ነው። ከወር በፊት በአዲስ ቀይሮታል። ወረቀቱም ፊርማውም አለ።

«አዲስ ሴንሰር ያላት መኪና ቤንዚን አትጠጣም፣ ሳጅን። የሚጠጣው ሹፌሩ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ክንፉን ከነከነው። ሕፃኑ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

ክንፉ አምቡላንሷ ላይ ያንኑ ያህል ቤንዚን አስቀድቶ የታንከሩን ክዳን በእጁ አሸገ። ከፖሊስ ሹፌር ጋር ገረሴ ደርሶ ተመለሰ። መኪናዋ ያው ሜዳ ላይ ቆመች። እሽጉ እንዳለ ነው። የጠጣችው ራሷ ናት።

ፖሊሱ ሹፌር ደግሞ አንድ ነገር አሳየው። ቁልፍ ሲዞር ለአፍታ ልትበራ የሚገባት የሞተር ብልሽት ጠቋሚዋ ቢጫ መብራት ጭራሽ አትበራም። ዳሽቦርዱ ሲፈታ አምፖሏ ከቦታዋ የለችም፤ ብልሽቱ እንዳይታወቅ አንድ ሰው አውጥቷታል።

ክንፉ በቀጥታ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ። ኃላፊዋ ወይዘሮ እጅጋየሁ አሮጌው ዕቃ በእጇ ሳይገባ አዲሱን ከመጋዘን አታወጣም፤ ሠራተኛው በሙሉ በዚህ ያማታል። አስናቀ የመለሰውን ሴንሰር ቁጥር ጽፋበት በፌስታል አስራ አስቀምጣዋለች። ክንፉ ፈርሞ ወሰደው።

ጋራዡ ውስጥ አምቡላንሷ በክሪክ ተነስታ ቆማለች። ነህምያም እጁ እንደታሰረ መጥቷል።

«ይህን የፈታኸው ከዚህች መኪና ነው?» አለው ክንፉ አስናቀን፣ ሴንሰሩን እያሳየው።

«በገዛ እጄ።»

«እንግዲያው መልሰህ ሽቦውን ሰካው።»

አስናቀ ከሥር ገባ። ቆየ። መሰኪያው ባለ ሦስት ሽቦ ነው፤ የመኪናዋ ባለ አራት። ገፋው፣ አዞረው፣ አልገባም። ከቁርጥራጭ ብረት መሀል ያነሳው የሌላ መኪና ዕቃ ነበር። አምቡላንሷ ላይ የነበረው ያው የሞተው ሴንሰር ነው፤ አዲስ እንዲመስል በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጓል።

አዲሱስ የት ገባ?

አስናቀ ላቡን ጠረገ። «ለደንበኛዬ ገጠምኩለት… የአስጎብኚ መኪና ነው። እንግዶች ይዞ ቸኩሎ ነበር። ሌላው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ይቺ ትንሽ ብትታገስ ብዬ ነው።»

ክንፉ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ምጥ ይታገሳል?»

ካቴናው ከነህምያ እጅ ወጥቶ አስናቀ እጅ ላይ ገባ። ነህምያ የተላጠ አንጓውን እያሻሸ ቆመ። ይቅርታ የጠየቀው ሰው የለም፤ ሦስት ጊዜ ያመለከተበትን ወረቀት እንኳ ያነበበ አልነበረም።

አዲስ ሴንሰር መጥቶ ከአምፖሏ ጋር በተገጠመ ዕለት ቁልፉን ነህምያ ራሱ አዞረ። ቢጫዋ መብራት በራች፤ ሞተሩ ሲነሳ ጠፋች። ጭስ አልነበረም።

የት እንደሚሄድ እጅጋየሁ ጠየቀችው።

«ገረሴ» አለ። «እናትየዋ እስካሁን ሌባው እኔ መስያታለሁ።»