ኖር ባይ ያጣው ግርማ

ግርማው ከዘርማድ ከተማ የወጣው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ነው። ሰባት መቶ ዓመት ያለ ዘይት የበራው ያ መለኮታዊ ብርሃን ከመቅደሱ ተነሥቶ መጀመሪያ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ። ቆየ። ወደ ምሥራቁ በር ሄደ፤ እዚያም ቆየ። በመጨረሻ ከከተማው ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ኤልሞር ተራራ ወጣ። ካህናቱ ምን ማለት ይሆን እያሉ ሦስት ቀን ተከራከሩ። ወይ ሊቅነት!

የዘርማድ ቅጥር የሚጸናው ግርማው ውስጥ እስካለ ብቻ ነው፤ ከተማውን ሊወጋ የሚመጣው የጎርዛ ሠራዊት ደግሞ የአራት ቀን መንገድ ቀርቶታል። መጀመሪያ የሚያገኘው የምሥራቁን በር ጠባቂ፣ አንድ እግሩ የማይታዘዝለትን ሽማግሌ አጋሮንን ነው። ልጁ ሐርሜላ ይህን ስታስብ ነጠላዋን አንሥታ ተነሣች።

«አባቴን ሲያርዱት ቆሜ አላይም! ግርማውን ሳልመልስ ብመጣ የረገጥኩት መሬት ይክዳኝ!» ብላ ማለች።

«ሂጂ ልጄ፤» አላት አጋሮን። «ስትመለሺ ግን በእኔ በር ግቢ። በሌላ በር ከገባሽ አኮርፋለሁ።»

አብረዋት የወጡት አባ ዮዳቅ የተባሉ አረጋዊ ካህን ብቻ ነበሩ። ቋጥኞቹ እንደ ወፍጮ ሰው የሚፈጩበትን ሸለቆ በሆዳቸው ተስበው ሲያልፉ አባ ዮዳቅ አፋቸውን ፈቱ።

«ግርማው ደፉ ላይ ሲቆም አጠገቡ ነበርኩ። እንግዳ ሊሄድ ተነሥቶ በር ላይ ለምን እንደሚዘገይ ታውቂያለሽ።»

«‹ኧረ ቁጭ ይበሉ› እንዲሉት ነዋ!»

«እኔ ከወንበሬም አልተነሣሁ። የመቅደሱ ግድግዳ ላይ በድብቅ የሳልናቸውን ጣዖታት እንዳያይብን፣ ቶሎ ቢሄድልኝ ብዬ ነው።»

ሐርሜላ በንዴት ደሟ ፈላ። የሽማግሌውን ክንድ ግን አልለቀቀችም።

የኤልሞር ጫፍ ላይ፣ ግርማው እንደ እሳት ከሚነድበት ፊት፣ አንድ ባለአራት ክንፍ ዘብ መንገዱን ዘጋባቸው። «አንዴ የወጣ እንግዳ በቃል ብቻ አይመለስም፤» አለ። «እሳቱ ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ የሚያደርሰው ይሻል። የገባ ግን በሥጋው አይወጣም።»

«እኔ ልግባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው!» አሉ አባ ዮዳቅ።

«አንተን ደፉ ላይ ጠብቆህ ነበር፤» አላቸው ዘቡ።

ሐርሜላ ፈርታለች፤ ማን አይፈራም? «ተዉ አባ፤» አለች። «እንግዳ ማስገባት የበር ጠባቂ ሥራ ነው። እርስዎ ወርደው ግድግዳውን ይፋቁ።» ነጠላዋን አጥብቃ አሰረችና እሳቱ ውስጥ ገባች።

በአራተኛው ቀን የጎርዛ ፈረሰኞች በሩ ሥር ደረሱ። አጋሮን በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጦሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ያኔ ብርሃኑ ከኤልሞር ወረደ፤ ፈረሶቹ ደንብረው ጌቶቻቸውን እየጣሉ ፈረጠጡ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ከተማው በእልልታ ቀለጠ።

ብርሃኑ በሩ ላይ ደርሶ ቆመ። አጋሮን ልጁን ፍለጋ ከብርሃኑ ኋላ ተመለከተ። የሚመጡት አባ ዮዳቅ ብቻ ነበሩ፤ እያለቀሱ። ነገሩ ገባው። በርጩማውን ገፍቶ፣ በዚያ በማይታዘዝ እግሩ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

«ኖር!» አለ።

ከብርሃኑ ውስጥ የልጁ ድምፅ መለሰለት።

«በእግዜር፣ አባዬ። ይኸው በአንተ በር ገባሁ።»