ወደ ኋላ የሄደችው ቀይ መኪና

ሠርኬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አጠገብ ነው። ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነበር። እናቷ እትዬ ሸዋርካብሽ የልጆች መጫወቻ ይሸጣሉ። ሱቃቸው ሁለት መደርደሪያ ነበረው፤ ከላይ ሃያ አራት መኪና፣ ከታች ሠላሳ አሻንጉሊት።

«የላዩ የወንዶች ነው፤ የአንቺ ከታች ነው» ይሏታል እናቷ።

ሠርኬ ግን አሻንጉሊት አቅፋ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለችውን ቀይ መኪና ታያለች። የዚያች ቀይ መኪና ሆድ ውስጥ ምን ይኖር ይሆን?

አንድ ቅዳሜ እናቷ ምሳ ሊበሉ ሄዱ። ሠርኬ በርጩማ ላይ ቆማ መኪናዋን አወረደች። በእናቷ ካቻቢቴ አራት ብሎን ፈታች። ውስጧ ትንሽ ሞተርና ሁለት ሽቦ አለ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ነካ ስታደርጋቸው ሁለቱም ተነቀሉ። ደንግጣ መልሳ ሰካቻቸው። አራቱን ብሎን አሰረች፤ ካርቶኑን ዘጋች፤ ዝም አለች። እናንተስ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? እስቲ በልባችሁ መልሱ።

ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተሸጠች። እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ስትዘምር እንኳ ከሐሳቧ አልወጣችም።

ሰኞ ገዢው ጋሼ ቦጋለ መኪናዋን ይዘው ተመለሱ። «እትዬ፣ ስናበራት ወደ ኋላ ትሄዳለች! ልጄ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰ።»

እትዬ ሸዋርካብሽ ተቆጡ። «ጠሂራ ናት! ሰባት ዓመት አምኛት ስረከብ፣ ዛሬ ጉድ ሠራችኝ። ከእንግዲህ አንድ ካርቶን አልወስድም!» ብለው ወደ ፊት ለፊቱ የጠሂራ ሱቅ ተነሡ።

እትዬ ጠሂራ መጫወቻዎቹን ለእናቷ የሚያቀርቡ ጅምላ ሻጭ ናቸው። ሁልጊዜ ለሠርኬ ሁለት ሁለት ተምር ይሰጧታል። ሠርኬ ዝም ብትል እሷን የሚቀጣት የለም፤ እትዬ ጠሂራ ግን ባልሠሩት ሊሰደቡ ነው።

ሠርኬ ሮጣ እናቷን የሱቃቸው በር ላይ ደረሰችባቸው። «እማዬ፣ እትዬ ጠሂራ አይደሉም! እኔ ነኝ የፈታኋት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈርቼ።»

«በይ ነይ፣ እዚሁ ፊታችን አስተካክያት።»

ሠርኬ አራቱን ብሎን ፈታች። ሽቦዎቹን አየቻቸው። «ቦታ ተለዋውጠዋል» አለችና ቀየረቻቸው። መኪናዋ ባንኮኒው ላይ ወደ ፊት ሄደች።

ጋሼ ቦጋለ ሳቁ። «ወይ ጉድ! ወንድ ብትሆን መሐንዲስ ይወጣት ነበር።»

«ሴት ስትሆንስ ማን ከለከላት?» አሉ እናቷ። ይህን ብለው የገዛ መደርደሪያቸውን ቀና ብለው አዩ።

ሠርኬ ለቅጣት አንድ ሳምንት አቧራ አራገፈች። በሰባተኛው ቀን ስድስት መኪኖች ከታች፣ ከአሻንጉሊቶቹ ጋር ተደርድረው አገኘች። ካቻቢቴውም የእሷ ሆነ።

ዛሬ ሠርኬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷም አሁንም ከእትዬ ጠሂራ ይረከባሉ።

ልጆች፣ ፈትቶ ማየት መልካም ነው፤ የሰው ዕቃ ከሆነ ግን አስፈቅዳችሁ ፍቱ፣ ካበላሻችሁም ሌላ ሰው ሳይወቀስበት ቶሎ ተናገሩ።