የሻልማ ምንጭ

በአውራዝ መንግሥት የመጨረሻው ጠረፍ፣ ከማዕበል በቀር ጎብኚ በሌላት በሻልማ ደሴት፣ አንድ ማለዳ ምንጩ ጨው ሆኖ ተገኘ። ውሃውን ያጣፍጥ የነበረው ቅዱስ ዕንቁ ከምንጩ ዓይን ጠፍቷል፤ በአሸዋው ላይ እስከ ባሕሩ የሚደርስ ሰፊ የሆድ ፋና ተጋድሟል። የባሕር ዘንዶው ናድሩስ ነበር የሰረቀው። ከቀትር በፊት ሕፃናት በውሃ ጥም ማልቀስ ጀመሩ።

ከደሴቲቱ ዕንቁ ጠላቂዎች ሁሉ ትንፋሿ የሚረዝመው ወጣቷ ሰልሚና ነበረች። የሕዝቡ ዓይን ወደ እርሷ ሲዞር ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ቀዛፊው አጎቷ ደራጎ ግን በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሞ፣ «ይህችን ልጅ ጥዬ ብመለስ ባሕር አይቀበለኝ፣ ምድርም አትሸከመኝ!» ሲል ማለ።

ሁለቱ በታንኳ ከባሕሩ ሥር ካለው የዘንዶው ዋሻ በላይ ሲደርሱ ውሃው እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ሰልሚና የታንኳውን ጠርዝ ጨብጣ፣ «አጎቴ፣ እንመለስ። ፈራሁ» አለች።

«እኔም ፈርቻለሁ፣ ልጄ። ናድሩስ ዕውር ነው፤ አድኖ የሚይዘው በጆሮው ነው። የልብሽን ትርታ እንዳይሰማ እኔ ከላይ ታንኳውን እየደበደብኩ አስጮህለታለሁ።»

ጠለቀች። በዋሻው ጨለማ ውስጥ ልቧ እንደ ነጋሪት ይመታ ነበር። ሻካራ ቅርፊት ጭኗን ታክኮ አለፈ፤ ግዙፉ ራስም ቀስ ብሎ ወደ እርሷ ዞረ። የሞተች መሰላት።

ያን ጊዜ ከላይ፣ ጓ! ጓ! መቅዘፊያ የታንኳ ሆድ ሲደበድብ ተሰማ። ከድብደባው ጋር የደራጎ ዘፈን፣ የተሰባበረ፣ የሚንቀጠቀጥ ዘፈን። ድምፁ እየራቀ ሹል ዐለቶች ወዳሉበት ሄደ። ዘንዶው ተወርውሮ ተከተለው።

ሰልሚና ዕንቁውን አንሥታ ስትወጣ ናድሩስ አንገቱ በዐለት ተሰብሮ ይንሳፈፍ ነበር። በዙሪያው የታንኳ ስብርባሪ ብቻ። ስሙን እየጠራች በስብርባሪው መካከል ፈለገችው፤ አላገኘችውም፤ ዕንቁውን ይዛ ብቻዋን ወደ ደሴቲቱ ዋኘች።

ዕንቁው ወደ ቦታው ሲመለስ ምንጩ ጣፈጠ፤ ደሴቲቱም በእልልታ ተናወጠች። የመጀመሪያውን ዋንጫ ለሰልሚና ሰጧት። እርሷ ግን ከንፈሯን ሳታስነካ ለደራጎ ሚስት ለይናሪ ወሰደችላት።

ይናሪ ዋንጫውን ይዛ፣ «ፈርቶ ነበር?» ስትል ጠየቀቻት።

ሰልሚና መዋሸት ፈለገች፤ አልቻለችም።

«ፈርቶ ነበር፣ እትዬ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መምታቱን ግን አላቆመም።»

ይናሪ ዓይኗን ጨፍና ውሃውን እስከ ጠብታው ጠጣችው።