በመኪና ውስጥ የቀረ ምሳ

ሸሪፍ ሌስተር ኡልማን ሲደርስ ሟቹ አሁንም በመኪናው የፊት ወንበር ላይ ነበር። ፊቱን በነጭ ጨርቅ ሸፍነውታል፤ ሁለት እጆቹ ግን እንደ ተጨበጡ ቀርተዋል። በሾፌሩ በኩል፣ እስከ ግማሽ በተዘጋው መስኮት ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው የምግብ ትሪ አልተነሣም። የቀዘቀዘ ድንች ጥብስና አንድ ጊዜ ብቻ የተገመጠ በርገር አለበት። ዝንብ ወሮታል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግማሹ የኦልደን ከተማ ሰው በ«ዣንጥላው» ምግብ ቤት ደጅ መኪናውን ደርድሮ፣ ከመኪናው ሳይወርድ ይበላል። አስተናጋጇ ምግቡን እመስኮት ድረስ ታመጣለች። የዛሬው ተመጋቢ ግን ምግቡን ትቶ አንገቱን ወደ ሟቹ ሰማያዊ መኪና አስግጎ ቀርቷል።

ሟቹ ኤሞስ ኬተርሊንግ ነው፤ ባለ እህል ጎተራው ኤሞስ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ።

«ልቡ ነው?» አለ ሌስተር።

ዶክተር ራስሙሰን ራሱን ነቀነቀ። «ልብ እንደዚህ አያገታትርም። ስደርስ ነፍሱ ገና አልወጣችም ነበር፤ በዐይኔ አይቻለሁ። የፍልፈል መርዝ ነው። የዚህ አገር ገበሬ ሁሉ በየጎተራው የሚያስቀምጠው።»

«ፈጥነህ ነው የደረስከው ማለት ነው።»

«ከቤቴ እስከዚህ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ በረርኩ። ደግሞ እኮ ለሴት ነበር የመጣሁት! ‹ሴትዮዋ የታለች?› እያልኩ ስሮጥ ሰዉ ሁሉ አፍጦ አየኝ። ስልኩን ያነሣችው ባለቤቴ ናት፤ ተሳስታ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለ ሌስተር። አጭር፣ ወፍራም፣ አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው። ድምፁ ለስላሳ በመሆኑ ብዙ ሰው የዋህ ይመስለዋል። የዋህ መስሏቸው እስር ቤት የገቡ ብዙ ናቸው።

ወደ መኪናው ጎንበስ አለ። ከሟቹ ፊት ለፊት፣ ከመሪው በስተቀኝ፣ የሻይ ኩባያ ተቀምጧል፤ ግማሽ ድረስ ተጠጥቷል። ጠርዙ ላይ ቀይ ነገር ነክቶታል። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ ረጅም ብርጭቆ ወድቋል፤ አይስክሬም የተጣለበት ለስላሳ የሚቀርብበት ዓይነት። ታቹ ላይ ነጭ አረፋ ቀርቶበታል፤ ጠርዙም ማንኪያውም ጥርት ያሉ ናቸው። ሌስተር ጨርቁን ከሟቹ ደረት ገለጥ አደረገና ከረባቱን አየ። ጠብ ያለ ነጭ ነገር ደርቆበታል። ጨርቁን መለሰና ቀና አለ።

«ማን ማን ነበር መኪናው ውስጥ?»

ሦስት ናቸው። ሴት ልጁ አይዴላ፣ ባሏ ፍሎይድ ፕሩዌትና ታናሽ ወንድሟ ቨርጂል። ከጥላው ሥር፣ አንድ የእንጨት ገበታ ዙሪያ፣ ሦስቱም ተለያይተው ቆመዋል። አይዴላ ዐይኗ አብጧል፤ የከንፈሯ ቀይ ቀለም በእንባ ተለቃልቋል። የእጅ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ወይዘሮ አይዴላ፣ እግዜር ያጽናዎት። ማንንም ለይቼ አይደለም፤ የሁላችሁንም ኪስና ቦርሳ ማየት አለብኝ።»

ቦርሳውን ያለ ማቅማማት ሰጠችው። ከመሐረቡና ከመስታወቱ ሥር የተጠቀለለች ቡናማ ወረቀት ነበረች። ዶክተሩ ፈትቶ ነጩን ዱቄት አየና ሌስተርን ቀና ብሎ ተመለከተው። መናገር አላስፈለገውም።

«የእኔ አይደለም!» አለች አይዴላ። «እንደዚህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ!»

ቨርጂል እንደ በሬ ተወርውሮ መጣ፤ ሌስተር ነው በትከሻው የመለሰው። «አባባን! አንቺ! በገዛ እጅሽ ያሳደገሽን ሰው! ምን ቢያደርግሽ ነው?»

«ቨርጂል፣ እኔ አይደለሁም...»

«ዝም በይ! እህቴ አይደለሽም ከእንግዲህ!»

ፍሎይድ መሐል ገባ። ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ሰው የሚወደው ሰው ነው፤ ላለፉት ስምንት ዓመታት የኤሞስን ጎተራ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። «ተዋት፣ ቨርጂል። ሰሞኑን ደኅና አልነበረችም» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ሚስቱን አቀፋት። እሷ ግን ክንዱ ሥር እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች።

ሌስተር ይህን አየ።

መጀመሪያ ቨርጂልን ለብቻው ወሰደው።

«የት ተቀመጣችሁ?»

«ፍሎይድ ይነዳል፣ አባባ አጠገቡ። እኔና እሷ ከኋላ።»

«ምግቡን ማን አደለ?»

«ፍሎይድ። ትሪው በሱ መስኮት አይደል የሚሰቀለው? አይስክሬሙን ለአይዴላ፣ ሻዩን ለአባባ፣ ለእኔ በርገር። አባባ ስኳር ስላለበት ከሻይ በቀር አይፈቀድለትም። ከዚያ ወረድኩና ሁለት መኪና አልፌ ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ድርቆሽ ሳወራ ጩኸት ሰማሁ።»

«ምሳህን ጥለህ ስለ ድርቆሽ?»

ቨርጂል ጫማውን አየ። «እሑድ እሑድ እወርዳለሁ።»

«ለምን?»

«እንዲሁ ነው።» አንገቱ ቀላ። ሌስተር አልተጫነውም።

ፍሎይድ ሳይጠየቅም ይመልሳል። «ሰናፍጭ ልጠይቅ ወደ ባንኮኒው ሄጄ ነበር። ኦፓል እየጮኸች መጣች። ስልኩ አጠገብ ስለነበርኩ ዶክተሩ ቤት ደወልኩ፤ ከዚያ ሮጥኩ።»

«መኪናው ጋ ሳይደርሱ ደወሉ?»

«ጊዜ ማባከን ነበረብኝ እንዴ፣ ሸሪፍ?»

«የለም፣ ደግ አደረጉ። ባለቤትዎ ደኅና አልነበረችም ያሉትስ?»

ፍሎይድ ተነፈሰ። «ከዓርብ ወዲህ መሞት መሞት ትላለች። ለዶክተሩም ትናንት ነግሬዋለሁ፤ ለቄሱም። መርዙን ለራሷ ይዛው ይሆናል ብዬ ነው እንጂ አባቷን ትገድላለች ብዬ... አላውቅም። ሰው ሆድ ውስጥ ማን ገብቶ ያያል?»

አይዴላ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ታፍተለትላለች።

«አባትዎ ምን ቀመሱ?»

«ሻይ ብቻ።»

«አይስክሬሙንስ ማን በላው?»

ዐይኗን ሰበረች። «እኔ።»

«ጨረሱት?»

«ጨረስኩት።»

ውሸቷ ግልጽ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ሁሉ ግን ነፍሰ ገዳይ አይደለም። አንዳንዱ የሚሸሽገው የሚያሳፍረውን ብቻ ነው።

ኦፓል ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ሃያውን ዓመት ትሪ ይዛ በዚህ ደጅ ተመላልሳለች። ባንኮኒው ኋላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ አገኛት።

«እኔንም ልትጠረጥር ነው የመጣኸው፣ ሌስተር?»

«አንቺን ካሰርኩ ማን ያበላኛል? ምሳ አልበላሁም።»

«ሆድህ ብቻ!» አለች፤ ግን ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «ደግ ሽማግሌ ነበር። ሁልጊዜ ከመስኮቱ ‹ኦፓል፣ እግርሽ እንዴት ነው?› ይለኛል።»

«እንደ ሕፃን የሚሸሽገው ነገር አልነበረውም?»

ኦፓል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ማን ነገረህ? ሴት ልጁ በወንበሩ ላይ አሳልፋ አይስክሬሟን ታቀብለዋለች፤ የሱን ሻይ እሷ ትጠጣለታለች። እሑድ በመጣ ቁጥር። ባሏ ሲያይ ግን አይደለም፤ ፍሎይድ ስለ ስኳሩ የሚሰብከው ስብከት ከቄሱ ይረዝማል። ቨርጂል ያውቃል፤ ሆን ብሎ ይወርድላቸዋል።»

«ዛሬ እየሮጥሽ ስትመጪ ምን ብለሽ ጮኽሽ? ቃሉን እንዳለ።»

«‹በኬተርሊንጎች መኪና ውስጥ ሰው ሊሞት ነው!› ነው ያልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር።»

ሌስተር ስልኩን አነሣና ከዶክተሩ ሚስት ጋር ለሁለት ደቂቃ ተነጋገረ። ስልኩን ሲያስቀምጥ ርቦት እንደነበር ረስቷል።

ሁሉንም ገበታው ዙሪያ አስቀመጣቸው፤ ኦፓልን፣ ዶክተሩንና ሦስቱን። አብሮት የመጣው ምክትሉ ከፍሎይድ ወንበር ኋላ ቆመ፤ ሰው ግን ጥላ ፈልጎ ነው ብሎ አሰበ።

«ከሻዩ ልጀምር» አለ ሌስተር። «ኩባያው በአቶ ኤሞስ ፊት ነበር፤ ጠርዙ ላይ ግን የሴት የከንፈር ቀለም አለ። የአይስክሬሙ ብርጭቆ በወይዘሮ አይዴላ እግር ሥር ነበር፤ ቀለም የሚባል አልነካውም። የአቶ ኤሞስ ከረባት ግን አይስክሬም አለበት። ወይዘሮ አይዴላ፣ አባትዎን የገደለው ስኳሩ አይደለም። አሁን እውነቱን ይንገሩን።»

አይዴላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ለወጥን። እሑድ እሑድ እንለዋወጣለን። ዶክተር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ትንሽ ደስ እንዲለው ብዬ ነው። ፍሎይድ ሳይመለስ ልጨርስ ብሎ በጥድፊያ ዋጠው። ‹ዛሬ መረረኝ› አለኝ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «‹ከሻዩ የባሰ ነው?› ብዬ ሳቅኩበት።»

ቨርጂል ከወንበሩ ብድግ ብሎ እንደገና ተቀመጠ።

«እንግዲህ መርዙ በአይስክሬሙ ነው የገባው» ሲል ቀጠለ ሌስተር። «ብርጭቆውን የነኩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኦፓል አመጣችው፣ ፍሎይድ ተቀብሎ አቀበለው፣ ወይዘሮ አይዴላ ተቀበለችው። ቨርጂል አልነካውም። ኦፓል ከመስኮቱ ውጭ ነበረች፤ ወረቀቷን ቦርሳ ውስጥ ልትከት አትችልም። ወይዘሮ አይዴላ አባቷን ገድላ ቢሆን ኖሮ ያችን ወረቀት ታቅፋ አትጠብቀኝም ነበር፤ መጸዳጃው እዚያ ነው፣ አሥር እርምጃ። ያች ወረቀት የተቀመጠችው በሕይወት ላለ ሰው ቦርሳ ውስጥ አይደለም። የሞተች ሴት ቦርሳ ውስጥ እንድትገኝ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ የቆመ መኪና ሬዲዮ ብቻ ይሰማል።

«ኦፓልም ቨርጂልም አይስክሬሙን ማን እንደሚበላ ያውቃሉ። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ሸሪፍ፣ ይህ ግምት ነው» አለ ፍሎይድ። ፈገግታው አልጠፋም።

«ኦፓል ‹ሰው ሊሞት ነው› ብላ ጮኸች። ማን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ወንድ ይሁን ሴት። አንተም መኪናው ጋ አልደረስክም። የዶክተሩ ሚስት ግን ቃልህን አልረሳችውም። ‹ሚስቴ መርዝ ጠጣች፣ ቶሎ በሉ› ነው ያልካት። ዶክተሩ ራሱ መርዝ መሆኑን ያረጋገጠው እዚህ መጥቶ በዐይኑ አይቶ ነው። አንተ ከየት አወቅክ?»

ፈገግታው ያን ጊዜ ጠፋ።

«ወይዘሮ አይዴላ፣ ዓርብ ዕለት ምን ነበር የነገሩት?»

ባሏን ሳታየው መለሰች። «ትቼው ወደ አባቴ ቤት እንደምመለስ። ‹እስከ እሑድ ታገሺ፣ ምሳ ላይ አብረን እንነግራቸዋለን› አለኝ። እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ።»

«ቢተዉት ከጎተራው ይባረራል። ቢሞቱ ግን የሚያሳዝን አማች ሆኖ እዚያው ይቀመጣል። አገሩን ሁሉ በሁለት ቀን ‹ሞት ትመኛለች› እያለ ያዘጋጀውም ለዚህ ነው።» ሌስተር ወደ ፍሎይድ ዞረ። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይላሉ። የሚወድህ ሽማግሌ ገባበት።»

ፍሎይድ ተነሣ፤ የምክትሉ እጅ ትከሻው ላይ አረፈ። «ሁልጊዜ ለሱ!» ብሎ ጮኸ በሚስቱ ላይ። «ከአፍሽ ነጥቀሽ ሳይቀር ለሱ! አንድ ቀን እንኳ ለእኔ...» ቀሪውን ማንም አልሰማው። እየጎተቱ ወሰዱት።

ሰዉ ቀስ በቀስ መኪናውን እያስነሣ ሄደ። ቨርጂል ከእህቱ ፊት ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል፤ ቃል ግን አልመጣለትም። እሷም አላገዘችውም።

ወደ ሌስተር ተጠጋች። «ሸሪፍ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔው ብበላው ኖሮ ይደርሱበት ነበር?»

ሌስተር መዋሸት ይችል ነበር፤ ለሐዘንተኛ የሚነገር ደግ ውሸት ሞልቷል። «ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ አገኝ ነበር» አለ፤ አንቱታውን መተዉ አልታወቀውም። «ዶክተሩና ቄሱ የሰሙትን ይነግሩኝ ነበር። ራሷን ገደለች ብዬ ጽፌ፣ ቀብሩ ላይ ፍሎይድን ጨብጬ አጽናናው ነበር። አልደርስበትም ነበር።»

አይዴላ ወደ ሰማያዊው መኪና አየች። «አባባ ይህን ቢያውቅ» አለች፣ «ሁለት ብርጭቆ ይበላልኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ ክንዷን ሰጠችው።