ያላበው መስታወት

ነሐሴ ከገባ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ እንደ እንግዳ ነበረች፤ ብቅ ትልና ሳትቀመጥ ትሄዳለች። እልፍነሽ ግን በዚያ ብርድ ውስጥ የለመደችውን ሥራ አላቋረጠችም። ጠዋት ጠዋት ጋቢዋን እንደደረበች ጓሮ ወዳለው የቆርቆሮ ጋራዥ ትገባለች፣ የውድድር መኪናዋን የሸፈነውን ሸራ ገልጣ ታጥፋለች፣ ከዚያም ሞተሩን አስነስታ እስኪሞቅ ድረስ ኮፈኑ ላይ እጇን አሳርፋ ድምፁን ታዳምጣለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ፣ ሞተሩ ከሥር ሲያጉረመርም፣ የቤንዚንና የጎማ ሽታ ከእርጥብ አፈር ሽታ ጋር ሲቀላቀል፣ ለእሷ ከዚህ የተሻለ የቀን መጀመሪያ አልነበረም።

መኪናዋ አሮጌ ኮሮላ ናት። ክብደት እንዲቀንስላት ሲባል ውስጧ ተራቁቷል፤ ምንጣፏ፣ የኋላ ወንበሯ፣ የበሮቿ ልባስ፣ የጣሪያዋ ጨርቅ፣ ማሞቂያዋ ሳይቀር ተነቅሎ ወጥቷል። የቀረው ቀዝቃዛ ላሜራ፣ ብትገለበጥ ሰው እንዳይጨፈለቅ ዙሪያውን የተበየደ የብረት ቱቦና ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ጠባብ ወንበሮች ብቻ ናቸው። ከወንበሮቹ ኋላ ያለው ባዶ ቦታ ትንሽ ዋሻ ይመስላል፤ ጠጠር ከሥር ሲመታው ድምፁ እዚያ ገብቶ ይዞራል፣ ቶሎም አይወጣም።

በግራ እሷ ትነዳለች፤ በቀኝ ታናሽ ወንድሟ ዳምጠው ተቀምጦ የመንገዱን ጠባይ ይነግራታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው እሷ ናት፤ ዛሬ ጢሙን የሚላጭ ጎልማሳ ሆኖም "እታለም" የሚላት በዚያው በልጅነት አፉ ነው። ባዶ ላሜራ ውስጥ ሲነዱ በጩኸት ካልሆነ መሰማማት ስለማይቻል ሁለቱም ፊትን ሙሉ የሚሸፍን ጥቁር ሄልሜት ያጠልቃሉ፤ በሄልሜቱ ውስጥ በተገጠመች ማዳመጫ ይነጋገራሉ። "ግራ፣ ጠበቅ ይላል። አሁን ልቀቂው።" እልፍነሽ የምትነዳው በዓይኗ ብቻ አልነበረም፤ ግማሹን መንገድ የምታየው በእሱ ድምፅ ነው።

የዚያ ክረምት ችግራቸው መስታወቱ ሆነ። በር ዘግተው ጥቂት እንደሄዱ ፓራብሬዛው ከውስጥ ያልበዋል፤ መንገዱ መጀመሪያ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ወተት የተደፋበት ይመስላል፣ ከዚያ ጭራሽ ይጠፋል። ከአዲስ ዓመት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ውድድር አለባቸውና መኪናዋን ያራቆቱላቸውን አዛውንት መካኒክ፣ ጋሽ ወንድይፍራውን ጠርታ አሳየቻቸው።

"ይኼ ተአምር አይደለም ልጄ" አሏት ላሜራውን በእጃቸው ጀርባ እየነኩ። "ብረቱ በረዶ ነው፤ እናንተ ደግሞ ትተነፍሳላችሁ። ትንፋሽ ብርድ ሲነካው ውሃ ይሆናል። ሙቀት ስጫት፣ እርጥበቷን አድርቂላት፣ ያኔ ዓይኗ ይበራል።"

እንዳሏት አደረገች። መስታወቱን በሳሙና አሽታ በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፤ እርጥበት እንዲመጥ ከወንበሮቹ ኋላ ከሰል የሞላ ከረጢት አስቀመጠች፤ ከባትሪው የሚሠራ ትንሽ ቬንትሌተር ወደ ፓራብሬዛው አዞረች። ሲመሽ ደግሞ ላሜራው እንዳይቀዘቅዝ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ከብረት ቱቦው ላይ አንጠልጥላ፣ በሩን ዘግታ፣ ሸራውን ከላይ አልብሳ ወደ ቤት መግባት ጀመረች።

በማግስቱ ሸራውን ስትገልጥ መስታወቶቹ በሙሉ ከውስጥ አልበው አገኘቻቸው። ጠብታው እየተያያዘ ቁልቁል ወርዷል። ማንም ሳይቀመጥበት ያደረ መኪና ሳይሆን ሰዎች ተጠጋግተው የተኙበት መኪና ነበር የሚመስለው። በሩን ስትከፍት የወጣው አየር ፊቷን ሲነካት ወደ ኋላ አለች፤ ለብ ያለ ነው፣ ሽታውም የቤንዚን አልነበረም። መስኮቱ ሳይከፈት ያደረ ክፍል፣ ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው አፍ ይሸት ነበር።

"ከሰሉ ጠጥቶ ጠጥቶ ጠግቦ ይሆናል" አለ ዳምጠው ቁርሱን እየበላ ስትነግረው። ከረጢቱን ለወጠችው። በሚቀጥለውም ቀን መስታወቱ አልቦ አደረ። ቀስ በቀስ ግን ልዩነቱን ማስተዋል ጀመረች። ብዙ የሚያልበው እነሱ ፊት ለፊት የሚተነፍሱበት ፓራብሬዛ ሳይሆን የኋላው መስታወት ነው፤ እሱም ሙሉውን አልነበረም። ከታች በኩል፣ አንድ ሰው ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገጩን ቢያስጠጋ አፉ የሚደርስበት ቦታ ላይ፣ ክብ ሆኖ ወፈር ይላል።

አንድ ጠዋት ገብታ አምፖሉ ተቃጥሎ አገኘችው። ነካችው፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው። መኪናዋ ውስጥ ግን ሙቀት ነበር። ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጎንበስ ብላ ላሜራውን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ የበሩ ላሜራ ቀዝቃዛ፣ ቱቦው ቀዝቃዛ፣ ወለሉ ከዳር በኩል ቀዝቃዛ። ከወንበሮቹ ኋላ ስትደርስ እጇ ሞቀ። ሙቀቱ ረዘም ያለ፣ በአንድ በኩል እጥፍ ያለ ቅርጽ ነበረው፤ ጉልበቱን ሰብስቦ በጎኑ የተኛ ሰው ገና ከመነሳቱ የተወው መኝታ ዓይነት። እጇን በጋቢዋ ጠራርጋ ወጣች። የጋራዡ ቁልፍ ሌሊቱን ሙሉ ትራስዋ ሥር ነበር።

ለዳምጠው ይህንን አልነገረችውም። ቢስቅባት ታፍራለች፤ ባይስቅ ደግሞ የባሰ ይሆናል። ውድድሩን የሚጠብቀው እሱ ነበር፤ ሥራ ከፈታ ወዲህ ፊቱ የሚበራው ያንን ሄልሜት ሲያጠልቅ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ ጣርማ በር ወጡ። ጉሙ የሚወፍረው እዚያ ስለሆነ መስታወቱ እዚያ ከበራ የትም ይበራል ብለው ነው። ከተማው እንዳለቀ ሜዳው ግራጫ ሆነ፤ የባሕር ዛፎቹ ግንድ ብቻ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ ግንዱም ጠፋ። የመኪናዋ መብራት ጉሙን ነክቶ ወደ ራሷ ይመለሳል። ቬንትሌተሩ ያጓራል፣ ፓራብሬዛው ላይም ጠባብ ንጹሕ ቀዳዳ ከፍቷል፤ እልፍነሽ አንገቷን አስግጋ በዚያች ቀዳዳ መንገዱን ትፈልጋለች።

"ቀኝ፣ ሰፊ ነው። ቀጥ በይ" ይላታል ዳምጠው በጆሮዋ።

በቃሎቹ መካከል ትንፋሹ ይሰማታል፤ ይህ የተለመደ ነው። ግን ሲናገርም ትንፋሹ እንደማይቋረጥ ድንገት አስተዋለች። "ግራ" ሲል፣ ከ"ግራ" ሥር፣ አንድ ሰው ረጋ ብሎ አየር እየሳበ ነው።

"ዳምጠው፣ እስቲ ትንፋሽህን ያዝ።"

"ለምን?"

"ያዝ ብዬሃለሁ!"

ያዘ። እሷም ያዘች። በማዳመጫው ውስጥ ሦስተኛው ትንፋሽ ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ። ጥጋብ ያለው፣ የማይቸኩል ትንፋሽ ነበር።

"ሽቦው ነው እታለም" አለ ዳምጠው፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

ዓይኗን ወደ ስፖኪዮው አነሳች። የኋላው መስታወት ላይ ያ ክብ ላብ እየሰፋ ነበር፤ ከዚያ ሸሸ፤ እንደገና ሰፋ። ጆሮዋ ውስጥ ካለው ትንፋሽ ጋር አብሮ ይሄዳል። ከላቡ በታች፣ መብራት በማይደርስበት ጨለማ ውስጥ፣ የከሰሉ ከረጢት ብቻ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ አንድ ነገር ትከሻውን አስተካከለ።

ፍሬኑን ረገጠች። መኪናዋ እርጥቡን አስፋልት እየጠረገች ዳር ላይ ስትቆም ሞተሩ ጠፋ፣ ቬንትሌተሩም ዝም አለ። "ውረድ! ውረድ ዳምጠው!" ቀበቶዋን ፈትታ፣ በሯን ገፍታ፣ በጉልበቷ አስፋልቱ ላይ ወደቀች፤ በሩ ከኋላዋ ተመልሶ ተዘጋ። ከወዲያ በኩል በር ሲከፈትና ጓ ብሎ ሲዘጋ ሰማች። ሄልሜቷን አውልቃ ጣለች።

"ወጣህ?"

"ወጣሁ" አላት ከጉሙ ውስጥ። በመኪናዋ ኋላ ዞሮ መጣ፤ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ነው፣ ያችው ሁልጊዜ የሚለብሳት ሰማያዊ ጃኬት። አጠገቧ ሲቆም ክንዱን በሁለት እጇ ጨመደደችው፤ ከአስፋልቱ ሊርቁ በመኪናዋ ፊት ዞረው ቀኝ ዳር ላይ ቆሙ።

ከገደሉ ሥር የሚወጣው ንፋስ ያፏጫል፤ የሚቀዘቅዘው ሞተር ቀጭ ቀጭ ይላል። የመኪናዋ መስታወቶች አንድ በአንድ ነጡ፤ ውስጡ የማይታይ ሆነ። ከዚያ ድምፅ ተሰማ። ከውስጥ፣ በቀኙ መስታወት ላይ፣ መዳፍ የሚያህል ነገር ተለጠፈ። ላቡን ወደ ጎን ጠረገው። በተጠረገው ቦታ ጥቁር፣ ክብና ፊት የለሽ የሆነ ራስ ብቅ ብሎ ወደ እነሱ ዞረ። ከዚያም መስታወቱን መምታት ጀመረ፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ በሁለት እጁ፣ መኪናዋ በጎማዋ ላይ እስክትወዛወዝ ድረስ። የታፈነ ጩኸትም ነበረው። ቃል ለመሆን የሚሞክር ጩኸት ነው።

"እንሂድ" አላት ከጎኗ ያለው።

ሮጡ። እጁን ይዛ ቁልቁለቱን ሮጠች፤ ድብደባው ከኋላቸው እየራቀ፣ እየደከመ፣ ጉሙ ውስጥ ሰጥሞ እስኪጠፋ ድረስ ዞራ አላየችም። እሷ ታለቅሳለች፤ እሱ ምንም አይልም። ደንግጧል ብላ አሰበች። ሕፃን ሳለም ሲደነግጥ ድምፁ ይጠፋ ነበር።

መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፍበት ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ ደረሰባቸው። ሾፌሩ ፎጣ በአንገቱ የጠመጠመ ወፍራም ሰው ነው።

"ኧረ በስመ አብ! በዚህ ጉም ውስጥ ምን ትሠራላችሁ? ግቡ፣ ግቡ!"

"መኪናችን ... ተበላሸብን" አለች እልፍነሽ። ሌላ ምን ትላለች? እሷ መሐል ገባች፣ እሱ ከበሩ በኩል ተቀመጠ። የሾፌሩ ክፍል ይሞቃል፤ የብርቱካን ልጣጭና የናፍጣ ሽታ አለው፤ ሬዲዮው ቀስ ብሎ ስለ እህል ገበያ ያወራል። ይህ ሁሉ ተራ ነገር አንጀቷን አራሰው።

"ወንድሜ፣ ያንን ነገር አውልቀው እንጂ! እዚህ ማን ይጥልሃል?" ሾፌሩ ሳቀ።

"ተወው ጋሼ፣ ደንግጦ ነው" አለች እልፍነሽ፤ እጁንም ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። በዚያ ብርድ ተሯሩጠው እንኳ እጁ ይሞቅ ነበር፤ የእሷን በረዶ የሆኑ ጣቶች እስኪያፍታታ ድረስ ይሞቅ ነበር። ዓይኗን ጨፍና ጭንቅላቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ተረፍን፣ አለች በልቧ። መኪናዋ ትቅር፤ ውድድሩም ይቅር፤ እሱ አለልኝ።

ከጉሙ ሥር ወጥተው የደብረ ሲና ቆርቆሮዎች ከታች መታየት ሲጀምሩ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጠራ። በአንድ እጇ አወጣችው። የሚደውለው ዳምጠው ነበር። ሳያውቀው ኪሱ ውስጥ ተነክቶበት ይሆናል ብላ ፈገግ ልትል ስትል ጣቷ ቀድሞ አነሳው።

መጀመሪያ የሰማችው ንፋስ ነው፤ ቀጥሎ ከብርድ የተነሳ የሚንገጫገጭ ጥርስ።

"እታለም ... ኔትወርኩ እየጠፋ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ቀበቶው አልፈታ፣ በሩም አልከፈት ብሎኝ እኮ ነው፤ አሁንም እዚሁ ነኝ። መስታወቱን ስደበድብ አይተሽኝ ለምን ሮጥሽ?" አለ፣ ያሳደገችው ልጅ፣ በዚያው በልጅነት አፉ። "ከማን ጋር ነው የሄድሽው?"

በእልፍነሽ ጭን ላይ ያለው ሞቃት እጅ ቀስ ብሎ ጣቶቿን ጠበቅ አድርጎ ያዛቸው።