ከጠበል የሸሸሁበት ጥምቀት

ቅቤ ነጋዴዋ አሰፋሽ መጀመሪያ ያናገረችኝ በንዴት ነበር። እዚሁ ሶዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ በቀኜ ስትቀመጥ ተነስቼ በሌላው ጎኗ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ጌታሁን፣ እሸታለሁ እንዴ? ቅቤ ብሸጥም ታጥቤ ነው የመጣሁት!»

ሳቄ አመለጠኝ። የሚሸተው የእኔ ቀኝ ጆሮ መሆኑን ግን አልነገርኳትም። ከልጅነቴ ጀምሮ መግል ይወርደዋል። እስከ አርባ አራት ዓመቴ ያላገባሁትም በእሱ አፍሬ ነው።

ዓመት ሙሉ በግራዬ አስቀምጬ ወደድኳት። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ ልልክ ተስማማን። መጀመሪያ ግን ልዳን ብዬ ኦቶና ሆስፒታል ሄድኩ።

«ታምቡሩ ተበስቷል፤ ከኋላ ያለውን አጥንትም እየበላው ነው» አሉኝ ዶክተር ትርሐስ። «ወደ አንጎል ሳይደርስ በቀዶ ጥገና እናጽዳው።»

«እሰማበታለሁ?»

«ቃል አልገባልዎትም። እኔ እስክፈቅድ ግን የውሃ ጠብታ እንዳይነካው!»

አሰፋሽን «ለሥራ ዲምቱ ልሄድ ነው» ብዬ ዋሸኋትና ቀዶ ጥገናውን ተደረግኩ።

ጥምቀት ሲደርስ ፋሻው ተፈትቷል፤ ውስጡ ግን አልደረቀም። ካህኑ ጠበል ሲረጩ ሕዝቡ ወደፊት ተጋፋ። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደኋላ ሸሸሁ። ቀና ስል አሰፋሽ ታየኛለች...

«ሽማግሌ እንዳትልክ» ብላ ላከችብኝ። ሽታዬን ደረሰችበት ብዬ ሽማግሌ መላኩን ተውኩት። ሦስት ሳምንት ጸለይኩ። አልቻልኩም፤ ገበያ ሄድኩ።

«አሰፋሽ፣ ምን በደልኩሽ?»

«ዲምቱ ሄደህ ሃይማኖትህን ቀይረህ መጣህ! ከጠበል ስትሸሽ አይቻለሁ። እናቴ ፊት ምን ብዬ ልቁም?»

ጋቢዬን ገልጬ ከጆሮዬ ጀርባ ያለውን ጠባሳ አሳየኋት። ሁሉንም ነገርኳት።

እጇን በኮባ ቅጠል ጠርጋ ጠባሳውን በቀስታ ነካችው። እንባዋ መጣ።

«ይሄን ነው የደበቅከኝ? ቅቤ በአፍንጫዬ የምለይ ሴት፣ ጆሮህ አይሸታትም ብለህ ነው? ካወቅኩ ዓመት አለፈኝ እኮ! እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።»

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ጆሮዬ ደርቋል፤ የሚሰማው ግን ትንሽ ነው። ውሃም ገና አልተፈቀደለትም። በሠርጋችን ዕለት ካህኑ ጠበል ሲረጩን በቀኜ የቆመችው አሰፋሽ ጆሮዬን በመዳፏ ጋረደችልኝ። ጠበሉ በጣቶቿ ላይ ወረደ።

ከዚያ መዳፏን አንስታ ወደዚያው ጆሮዬ ተጠጋች።

«ያንተንም እኔ ተቀበልኩልህ» አለችኝ።

ሰማኋት።