ያልተነካው ኩባያ

ሉሺየስ ቴት መስኮቱ አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኩባያ ሻይ ነበር፤ የእሱ ተጋምሷል፣ ሌላው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

አዛውንቱ በሙዚቃና በስፖርት ዓለም የሚሠሩ ጥቁር ጠበቆችን ማኅበር የመሠረተ ሰው ነበር። አባላቱ ለዓመታዊ ጉባኤያቸው ሳቫና ከተማ የሚገኘውን ይህን ሆቴል ሞልተውታል። ቁርስ ላይ ሲጠፋባቸው የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዴልፊን ረከርና የአዛውንቱ የቀድሞ ሸሪክ ሮስኮ ሃርገት ክፍሉን በሆቴሉ ሠራተኛ አስከፍተው ገቡ።

መርማሪዋ ኦዴሳ ፕሩዊት ስትደርስ ሰው ሁሉ አንድ ስም ይዞ ጠበቃት፤ ቫሽታይ ኮልበርት። ወጣቷ ጠበቃ ትናንት ከአዛውንቱ ጋር በሰው ፊት ተጨቃጭቃ ነበርና ሁለተኛው ኩባያ የእሷ ነው ተባለ።

ቫሽታይ ጭቅጭቁን አልካደችም። ደንበኛዋ የሆነው ዘፋኝ ከአሳታሚ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል ጠበቃው ሮስኮ ነበር። ሮስኮ በድብቅ ለኩባንያውም ይሠራ እንደነበር አሁን ደርሳበታለች። አዛውንቱ በጉባኤው ላይ ራሴ እናገረዋለሁ፣ ታገሺ ቢላት፣ ለወዳጁ ያደላ መሰላት።

«ክፍላቸው ገብተሽ ነበር?» አለቻት ኦዴሳ።

«እሳቸው ጋ ማን ይገባል? ሁሉም ያከብራቸዋል፤ አብሯቸው የሚቀመጥ ግን የለም።»

ዴልፊንም ከዚህ የተለየ አልነገረቻትም። ሚስቱ አይዶራ ከሞተች ወዲህ አዛውንቱ በየጉባኤው ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይመለሳል። ሬሳው ሲገኝ እሷና ሠራተኛው ሐኪም ሊጠሩ ሲሮጡ፣ ሮስኮ ብቻቸውን አልተዋቸውም ብሎ እዚያው ቀርቶ ነበር።

ኦዴሳ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ኩባያዎቹ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ እሷም ሳታስበው ለእራት ሁለት ሳህን የምታወጣበት ቀን አለ።

የሬሳውና የሻዩ ምርመራ ውጤት እንደደረሳት ቫሽታይን፣ ዴልፊንንና ሮስኮን አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«እንግዳ አልነበረም» አለች። «ሁለተኛው ኩባያ የአይዶራ ነው። ለሞተ ሰው ሻይ መቅዳት እብደት ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። የገደላቸው ከመጠን ያለፈ የልብ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በሁለቱም ኩባያ አለ፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ግን የለም። እንግዳ ቢሆን የራሱን ሻይ ለምን ይመርዛል? ሁለቱም ሻይ ማር አለበት። ክፍሉ ውስጥ ግን ያልተከፈተ የሆቴሉ ስኳር እንጂ ማር አልተገኘም። መርዙ የነበረው ማሩ ውስጥ ነው፤ ማሩን ደግሞ ከሞቱ በኋላ ያነሳ ሰው አለ። ክፍሉ ጠዋት እስኪከፈት ድረስ ተቆልፎ ነበር። ሬሳው ሲገኝ ቫሽታይ ቁርስ ቤት፣ ሰው መሃል ነበረች። ዴልፊን ከሠራተኛው አልተለየችም። ከሬሳው ጋር ብቻዎን የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ሮስኮ።»

የማሩ ብልቃጥ ሻንጣው ውስጥ መገኘቱን ስትነግረው አልተከራከረም። በድብቅ ለሁለት ወገን መሥራቱ ጉባኤው ፊት ቢወጣ የጥብቅና ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ያውቅ ነበር።

«በየዓመቱ ማር የማመጣላቸው እኔ ነኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ሲሞት ልቡ ነው ይባላል። ማን ይጠይቃል ብዬ ነው።»

ፖሊሶች ከወሰዱት በኋላ ኦዴሳ ሬሳውን የሚረከብ ዘመድ እንዳለ ጠየቀች። ሁለቱ ሴቶች ዘመድ ይኑረው አይኑረው አያውቁም ነበር።

«እኔ ልረከባቸው» አለች ዴልፊን። ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። «ከአይዶራ ጎን መቀበር ይፈልጉ ነበር መሰለኝ። የት እንደተቀበረች ግን አንድም ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም።»